ቅጠል ኪኒን አይውጥም

ኦክስጅን ስሙ ጠፋ። በየሬዲዮ ማስታወቂያው፣ በየቴሌግራም ቻናሉ፣ በየመደርደሪያው ላይ በተደረደረው ብልቃጥ ሁሉ ያስረጃል፣ ያደክማል፣ ቆዳ ያጨማድዳል፣ ካንሰር ይጠራል ተብሎ ተከሷል። ከሳሹ ራሱ ዳኛ ነው፤ ዳኛውም ራሱ የኪኒኑ ሻጭ ነው። ፍርዱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አንቲኦክሲዳንት ግዙ! የሞሪንጋ ዱቄት ግዙ፣ አረንጓዴ ሻይ ግዙ፣ ከውጭ የመጣ የወይን ዘር እንክብል ግዙ።

ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ይህን ማስታወቂያ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ተራ ውሸት ቢሆን ኖሮ እንደ ሌላው ውሸት ንቄ አልፈው ነበር። የሚያንገበግበኝ እውነትን ለሁለት ሰንጥቀው ግማሹን በግራም መሸጣቸው ነው። የሚሸጡት ግማሽ ይህ ነው፦ ከኦክስጅን የሚወለዱ፣ ያገኙትን የሚያጠቁ ሞለኪውሎች አሉ፤ ስብ ያበላሻሉ፣ ፕሮቲን ያጣምማሉ፣ ዲኤንኤ ይሰብራሉ፤ አንቲኦክሲዳንት የሚባለውም እነዚህን የሚያበርድ ነገር ነው። ልክ ነው። የደበቁት ግማሽ ግን ከዚህ በብዙ ይበልጣል። እሱን ማወቅ የፈለገ ሻጩን ትቶ ቅጠልን ይጠይቅ።

ለምን ቅጠልን? ከኦክስጅን ጋር ሲኖር ከእኛ ሁሉ የቆየ እሱ ስለሆነ ነው። የቅጠል አረንጓዴ ክፍል የሆነው የክሎሮፕላስት ዘር የሚመዘዝባቸው ሳያኖባክቴሪያዎች ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አየሩን በኦክስጅን መሙላት ሲጀምሩ እኛ የለንም፤ አባቶቻችንም የሉም። ቅጠል ዛሬም ኦክስጅን የሚሠራው በራሱ ሆድ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ሲከፋው ተነሥቶ ጥላ ፍለጋ አይሄድም። ፋርማሲም አይሄድም። እንግዲህ እሱ በምን ይተርፋል?

ነሐሴ ሳያልቅ ዝናቡ የተቋረጠበትን የስንዴ ማሳ በቀትር አስቡት። ስንዴው የሚሞተው በጥም ነው ብለን እናልፈዋለን። ጥሙስ እውነት ነው፤ ከጥሙ ጋር ግን የማይታይ ቃጠሎ አለ። ተክሉ ውሃ እንዳያመልጠው የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ውሃው ይቆጠባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም በዚያው አይገባም። ስኳር የሚሠራው ክፍል ጥሬ ዕቃ አጥቶ ይቀዘቅዛል። ፀሐይዋ ግን አትቀዘቅዝም! ክሎሮፊል ብርሃን መቀበሉን አያቋርጥም፣ ከውሃ የሚነጠቁት ኤሌክትሮኖችም መምጣታቸውን አያቆሙም። የሚረከባቸው ሲጠፋ በአጠገባቸው ያለው ኦክስጅን ይረከባቸዋል፤ ሱፐርኦክሳይድ የተባለው ቁጡ ሞለኪውል የሚወለደው እዚያ ላይ ነው። ኤሌክትሮኑ በዚህ መንገድ ወደ ኦክስጅን እንደሚሄድ አለን ሜህለር ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1951 ነበር። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ንግዱ ነው።

ይህ ቃጠሎ ምን ያህል እንደሚበረታ ማየት የሚፈልግ ፓራኳትን ይመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የተሸጠ፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2007 ከገበያው ያስወጣው አረም ማጥፊያ ነው። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ ከቅጠሉ ኤሌክትሮን ይቀበላል፣ ለኦክስጅን ያቀብላል፣ ለሌላ ዙር ይመለሳል። አረሙን የምትፈጀው በሕይወት ያኖረችው ፀሐይ ራሷ ናት፤ በጨለማ ያለ ቅጠል ላይ ሲረጭ ጉዳቱ የሚዘገየውም ለዚህ ነው። ሰው ሲጠጣው ሳንባው ውስጥ ተመሳሳይ ቅብብል ይጀምራል። አንቲኦክሲዳንት በብልቃጥ የሚያድን ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ ከየት ይመጣ ነበር? ለተመረዙ ሰዎች ቫይታሚን ሲም ኢም ተሞክረዋል። ለፓራኳት እስከ ዛሬ የተረጋገጠ ማርከሻ የለም። ይህን በየትኛው ማስታወቂያ ሰማችሁ?

አሁን ቅጠሉ የሚያደርገውን እንይ። ሱፐርኦክሳይድ በተወለደበት ቅጽበት ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ የተባለ ፕሮቲን ይይዘዋል። ጆ ማኮርድና ኧርዊን ፍሪዶቪች የተባሉ ተመራማሪዎች የዚህን ፕሮቲን ሥራ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ያወቁት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ፕሮቲኑ ቁጡውን ሞለኪውል ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ ቁስል የምናጥብበት፣ የፀጉር ቀለም የሚቀየርበት ያው ፈሳሽ። እሱም ቢሆን ለሴል ጓደኛ አይደለምና ሌላ ፕሮቲን ተቀብሎ ወደ ውሃ ይመልሰዋል። ለዚህ የሚያስፈልገውን ኤሌክትሮን የሚሰጠው ቫይታሚን ሲ ነው።

እዚህ ላይ ሻጮቻችን ያጨበጭባሉ። «አላልንም? ቫይታሚን ሲ!» ይላሉ። ቆዩ፤ ታሪኩ አላለቀም። ቫይታሚን ሲ ኤሌክትሮኑን ከሰጠ በኋላ ባዶ ነው፤ ባዶውን ከተተወም በደቂቃዎች ውስጥ መፈራረስ ይጀምራል። ቅጠሉ የሚድነው ግሉታታዮን የተባለ ሌላ ሞለኪውል ባዶውን ስለሚሞላለት ነው። ግሉታታዮኑን ደግሞ ሌላ ፕሮቲን ይሞላዋል፤ ያንን ፕሮቲን የሚያሠራው ኤሌክትሮን በመጨረሻ የሚመጣው ከፀሐይ ብርሃን ነው። ክሪስቲን ፎየርና ባሪ ሃሊዌል እ.ኤ.አ. በ1976 በለንደን፣ ኮዚ አሳዳ ደግሞ በጃፓን የገለጡት ይህ ዑደት ዛሬ በሦስቱ ስም ይጠራል። አሳዳ ነገሩን ከውሃ ወደ ውሃ የሚሄድ ዑደት ብሎ ሰይሞታል፤ ከውሃ የተነጠቀው ኤሌክትሮን ዞሮ ዞሮ ውሃ ሆኖ ይገባልና።

የቤት እመቤት ሁሉ ይህን ታውቃለች፦ የቡታጋዝ ሲሊንደር ሲያልቅ ኩሽናው ውስጥ ባዶ ሲሊንደር ብትደረድር ወጡ አይበስልም፤ የሚያስፈልገው የሚሞላ ነው። ነጋዴዎቹ የሚሸጡልን ሲሊንደሩን ነው። ስለ ሞዪው አንድ ቃል አይተነፍሱም፤ በብልቃጥ አይገባማ! ጥቂቶቹ ደግሞ ብልጥ ሆነው ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝን ራሱን በኪኒን ይሸጣሉ። ፕሮቲን ነው እኮ፤ ጨጓራ ይፈጨዋል። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ይህ ገና መግቢያው ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ቲዮሬዶክሲን የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ነው። በመጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1964 በስቶክሆልም፣ ከባክቴሪያ ነበር። ቦብ ቡካናንና ባልደረቦቹ በበርክሌይ ባደረጉት ምርምር ግን በክሎሮፕላስት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ገሃድ ወጣ። ቲዮሬዶክሲን ሁለት የድኝ አቶሞች ጎን ለጎን ይዟል። ፀሐይ ስትወጣ ፌሬዶክሲን ከተባለ ፕሮቲን በኩል ኤሌክትሮን ይደርሰዋል፤ እሱም ስኳር ለሚሠሩት ኤንዛይሞች ያቀብላል። በእነሱ ውስጥ በሁለት ድኞች መካከል የነበረው ማሰሪያ ይፈታል፤ ኤንዛይሞቹ ይነቃሉ፣ ሥራ ይጀመራል። ቅጠሉ መንጋቱን ለኤንዛይሞቹ የሚነግራቸው በኤሌክትሮን ነው። ቲዮሬዶክሲን በዚህ አያበቃም። ፐሮክሲሬዶክሲን ለተባሉት ሌሎች ፕሮቲኖችም ኤሌክትሮን ያቀብላል፤ እነሱ ደግሞ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃ ይመልሳሉ። ፐርኦክሳይዱ ከልክ በላይ በዝቶ ፐሮክሲሬዶክሲኑን ራሱን ቢያበላሸው፣ ሰልፊሬዶክሲን የሚባል ጠጋኝ አለ፤ ጉልበት ከፍሎ ያቃናዋል። ጠባቂውንም የሚጠብቅ አለ ማለት ነው።

ድርቅ ሲመጣ ምን ይሆናል? በፈረንሳይ የፓስካል ሬይ ቡድን ድንችን አጥንቶ መልስ ሰጥቷል። የድንች ተክል ውሃ ሲጠማው በክሎሮፕላስቱ ውስጥ አንድ የቲዮሬዶክሲን ዘመድ የሆነ ፕሮቲን በብዛት ይከማቻል። ተመራማሪዎቹ ይህ ፕሮቲን እንዲጎድላቸው አድርገው ያበቀሏቸው ድንቾች ኦክስጅን የሚያስቆጣ ኬሚካል ሲደርስባቸው ከሌሎቹ ይልቅ ተጎዱ። ልብ በሉ፤ የጎደላቸው አንድ የኤሌክትሮን አቀባይ ነው፤ ጉዳቱ የመጣውም አቀባዩ ስለጎደለ ነው።

ሻጮቹን ጨርሶ ዝም የሚያሰኘው ግን ይህ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ የስኳር ኤንዛይሞቹ መዘጋት አለባቸው፤ አለዚያ ቅጠሉ የቀን ትርፉን በሌሊት በከንቱ ያባክናል። ማን ይዘጋቸዋል? እ.ኤ.አ. በ2018 በስፔን፣ በጀርመንና በጃፓን የሚሠሩ ሦስት ቡድኖች ተመሳሳይ መልስ ይዘው መጡ፦ ፐሮክሲሬዶክሲን ከኤንዛይሞቹ የመጣውን ኤሌክትሮን በቲዮሬዶክሲን በኩል እየሳበ ለሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያስረክባል፤ ኤንዛይሞቹም ይዘጋሉ። ጠላት ነው የተባለው፣ በብልቃጥ እንድናጠፋው የተመከርነው ያ ሞለኪውል የቅጠሉን የማታ ሥራ ከሚሠሩት አንዱ ነው። ጨርሶ ቢጠፋ ቅጠሉ መምሸቱን በምን ያውቃል?

ተክል ይህን «መርዝ» ሲያስፈልገው ሆን ብሎ ይሠራዋል። ዋግ ስንዴ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን የባሌንና የአርሲን ገበሬ ጠይቁት፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ያወደመውን ማሳ አይረሳውም። ዋግን የሚቋቋም ስንዴ ግን ፈንገሱ በገባበት ቦታ ቁጡ ኦክስጅን ያመርታል፤ በዙሪያው ያሉትን ሴሎች ራሱ ይገድላል፣ ከሕያው ሴል ብቻ የሚመገበውን ፈንገስ በረሃብ ይቀጣል። የዱክ ዩኒቨርሲቲዋ ሺንኒያን ዶንግ ቡድን ደግሞ በሌላ ተክል ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 ያሳየው ነገር አለ። በሽታ ሲመጣ የመከላከያ ጂኖችን የሚያስነሳው ፕሮቲን በሰላም ጊዜ በድኝ ማሰሪያ ተቆላልፎ ይቀመጣል። የሴሉ የኤሌክትሮን ሚዛን ሲለወጥ ማሰሪያውን ከሚፈቱት አንዱ ማን መሰላችሁ? ያው ቲዮሬዶክሲን ነው። የተፈታው ፕሮቲን ወደ ኒውክሊየስ ይገባል፣ ጂኖቹም ይነሣሉ። አደጋውን የሚያመጣውና የአደጋውን ወሬ የሚያደርሰው አንድ ኬሚስትሪ ነው። ወሬ አድራሹን የሚገድል ንጉሥ ጦር ከበር ሲደርስ ይሰማል፤ የኪኒን ነጋዴዎች ሰውነታችንን እንዲህ ያለ ንጉሥ ሊያደርጉት ይፈልጋሉ።

«ያ ተክል ነው፤ እኛ ሰዎች ነን» የሚል ይኖራል። እሺ፤ ወደ ሰው እንምጣ። ቲዮሬዶክሲንም፣ ፐሮክሲሬዶክሲንም፣ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝም በእናንተ ሴል ውስጥ አሉ፤ ያለ ደረሰኝ፣ በነጻ። ብልቃጡስ ምን አመጣ? በፊንላንድ 29,133 አጫሽ ወንዶች በተሳተፉበት ጥናት ላይ ቤታ ካሮቲን የተሰጣቸው ከሳንባ ካንሰር ይድናሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ውጤት የሳንባ ካንሰሩ በእነሱ ላይ በ18 በመቶ በልጦ መገኘቱን አሳየ። በአሜሪካ የተጀመረ ተመሳሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1996 ከጊዜው ቀድሞ ተቋረጠ፤ እዚያም ጉዳቱ ከጥቅሙ በለጠ። እ.ኤ.አ. በ2009 በጀርመን ወጣት ወንዶች ስፖርት እየሠሩ ቫይታሚን ሲና ኢ በብዛት ሲወስዱ፣ ስፖርቱ ሰውነታቸው ኢንሱሊንን በሚገባ እንዲጠቀም የሚያመጣውን መሻሻል ኪኒኑ አገደው። ቅጠሉ የነገረንን ሰውነታችን ደገመው፦ ትንሽ ቁጣ ሴልን ያነቃል፤ ቁጣውን ያጠፋ ማንቂያውንም አጠፋ።

በየማሸጊያው ላይ ስለሚለጠፈው የአንቲኦክሲዳንት ነጥብም አንድ ነገር ልበል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምግቦችን ነጥብ የዘረዘረበትን ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ2012 ከድረ ገጹ አንሥቶታል፤ በመፈተሻ ብልቃጥ ውስጥ የተለካው ቁጥር ስለ ሰው ጤና የሚያሳየው ነገር የለም፣ ኩባንያዎችም አላግባብ እየተጠቀሙበት ነው ብሎ። ባለቤቱ የጣለውን ቁጥር እዚህ ያለው ነጋዴ አንሥቶ እንደ ሜዳልያ ያንጠለጥለዋል።

አክስቴ የጡረታ አበላቸውን በተቀበሉ ማግስት አንድ ብልቃጥ ይዘው አገኘኋቸው። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብላቸው፣ «ኦክስጅኑ በደም ውስጥ የተወውን መርዝ የሚያጥብ ነው፤ አንተ እንደሆነ ተምረህ ተምረህ ሁሉን መቃወም ነው የቀረህ» አሉኝ። ተከራከርኩ፣ ተረታሁ። የብልቃጡ ዋጋ የወር አትክልታቸውን የሚገዛ ነበር፤ በዚያ ወር ብርቱካን አልገዙም፣ ጎመንም ቀነሱ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብዬ ላሾፍ ፈልጌ ዋጥኩት፤ ማፈር ያለባቸው አክስቴ አይደሉምና። ማፈር ያለበት የአንዲት ባልቴት አበል እያየ የብልቃጡን ወረቀት ያተመው፣ ማስታወቂያውን በጣፋጭ ድምፅ ያነበበው፣ ነጭ ጋዋን ለብሶ የመሰከረው ነው።

አትክልት አትብሉ እያልኩ ነው? በጭራሽ! ብሉ፤ ጎመን፣ ካሮት፣ ብርቱካን፣ ቃሪያ ብሉ። ቫይታሚን ሲ የጎደለው ሰው ይታመማል፤ ሐኪም ያዘዘለትም ይውሰድ። ሽፈራውንም፣ ማለትም ሞሪንጋውን፣ አልነካሁም። ኮንሶዎች ቅጠሉን ኩርኩፋ ከተባለው ምግባቸው ጋር ለትውልድ ሲበሉ ኖረዋል፤ ምግብ ነው፣ ያጠግባል፣ ይጠቅማል። ምግብ መሆኑ ያልበቃውና ተአምር ያደረገው ነጋዴው ነው። እኔ የምጣላው ከቅጠሉ ጋር አይደለም፤ ቅጠሉን ፈጭቶ የቅጠሉን ጥበብ ሸጥኩላችሁ ከሚለው ጋር ነው።

ያንን ጥበብ በእጁ የሚያውቅ ሰው ከተፈለገ በካፋና በጅማ የጫካ ቡና የሚጠብቀውን ገበሬ እዩት። ቡና በተፈጥሮው የዛፍ ሥር ተክል ነው፤ በድርቅ ላይ የቀትር ፀሐይ ሲጨመርበት ከሚችለው በላይ ብርሃን ይቀበላል። ገበሬው ዋንዛውን፣ ሰሳውን፣ ብሳናውን አይቆርጥም። ጥላው ወደ ቅጠሉ የሚገባውን ብርሃን ይቀንሳል፤ መድረሻ የሚያጡ ኤሌክትሮኖችም ከምንጩ ይቀንሳሉ። በደቡባዊ አፍሪካ የሚበቅል የጤፍ የቅርብ ዘመድ የሆነ ሣር ደግሞ ከዚህም አልፎ ሄዷል። የኬፕታውኗ ተመራማሪ ጂል ፋራንትና ባልደረቦቿ የሚያጠኑት ይህ ሣር ሲደርቅ ክሎሮፊሉን ራሱ ያፈርሳል፤ ብርሃን የሚቀበለውን ዕቃ ያነሣል። ዝናብ ሲመጣ እንደገና ይለመልማል። የእኛ ጤፍ በፍሬው ውስጥ ድርቀትን የመቻል አቅም አለው፤ በቅጠሉ ግን አይችልም። የሀገር ገንዘብና ጭንቅላት መፍሰስ ያለበት እዚህ ጥያቄ ላይ ነው፦ ዘመዱ በቅጠሉ የቻለውን ጤፍ ለምን አልቻለም? ከዚህ ጥያቄ እንጀራ ሊወጣ ይችላል። ከብልቃጡ የሚወጣው ውድ ሽንት ነው፤ የተረፈውን ቫይታሚን ሲ ኩላሊት ያስወጣዋልና።

ስለዚህ ማስታወቂያ የምታነቡ ጋዜጠኞች፣ ጋዋን ለብሳችሁ የምትመሰክሩ ባለሙያዎች፣ የምርት ማስታወቂያን የመቆጣጠር ሥልጣን ያላችሁ ሁሉ፣ ሥራችሁን ሥሩ። እናንተም ገዢዎች፣ የሚቀጥለው ሻጭ ብልቃጡን ሲዘረጋላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ይህ ነገር ኤሌክትሮኑን ከሰጠ በኋላ ማን ይሞላዋል? ያጠፋሁት ቁጡ ሞለኪውል ለሴሌ ምን ወሬ ይዞ ይሄድ ነበር? በብልቃጥ ውስጥ ሳይሆን በሰው ላይ ተሞክሮ የታየው ውጤትስ የታል? እነዚህን እስኪመልስ ድረስ አንድ ሳንቲም አትስጡት።